በ5 እና በ10 መካከል፦ የድባቴ መጠይቅ እና ያልሰማው ነገር

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ እናት የጨጓራ መድኃኒት ለመቀበል ተራ ይጠብቃሉ። ለዚሁ ሕመም ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ከጎናቸው አንድ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ መጠይቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። «እንዴት ነዎት እማማ?» ብሎ ሲጀምር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይሉታል። ስለ እንቅልፍ ሲጠይቃቸው «እንቅልፍማ ከራቀኝ ቆየ» አሉ። ስለ ድካም ሲጠይቃቸው «ጉልበቴ ከድቶኛል» አሉ። ወደ ድብርት ሲደርስ ግን ጥቂት አሰብ አድርገው «ምን ሥራ ፈት ነኝና ይደብረኛል?» ብለው ፈገግ አሉ።

ዘጠኙ ጥያቄዎች ተጠናቀው ነጥቡ ሲደመር 7 ሆነ። ወጣቱ አመስግኖ ቅጹን ሊያጥፍ ሲል እናትየዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አረብ አገር ያለችው ልጄ ድምጿን ካሰማችኝ ስምንት ወር ሆነ፤ እሳቱ ያለው እዚህ ነው» ብለው ሆዳቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ይህን ቃል የሚቀበል ሣጥን በቅጹ ላይ አልነበረም። ወጣቱ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፈው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ 7 ምን ማለት ነው? መጠይቁ በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው የድባቴ ቅድመ ልየታ መሣሪያዎች አንዱ የሆነው የታካሚ ጤና መጠይቅ-9 ነው። ኩርት ክሮንኪ፣ ሮበርት ስፒትዘር እና ጃኔት ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናና በማኅፀን ሕክምና ክሊኒኮች የተገለገሉ 6,000 ሰዎችን ያካተተ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታየን ምልክት ከ0 እስከ 3 ባለው ነጥብ ይመዝናል፤ አጠቃላይ ድምሩም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ድባቴ ሊኖርበት ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። በዚህ መለያ ነጥብ መሠረት እኒህ እናት ጤነኛ ናቸው።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ መልሱ እንዲህ ቀጥተኛ አይሆንም። ብዙ ገላዬ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ተጠቃሚ የሆኑ 926 አዋቂዎች ተሳትፈዋል። በዚያ ጥናት የተሻለ ሆኖ የተገኘው መለያ ነጥብ እዚህም 10 ነበር። በሌላ በኩል ሻርሎት ሀንሎን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር በጤና ጣቢያዎች በተገለገሉ 306 አዋቂዎች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዚያ የተሻለው መለያ ነጥብ 5 ሆኖ ተገኝቷል። መጠይቁ አንድ ነው፤ ቋንቋውም በሁለቱም ቦታ አማርኛ ነው። ነገር ግን 7 ነጥብ ያገኙት እናት በአንደኛው መለኪያ ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፤ በሌላኛው ወደ ባለሙያ ይላካሉ።

ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? የተቋሙ ደረጃና የሕመሙ ስርጭት የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ከዚህ ባልተናነሰ ትኩረት የሚሻው ግን በጥያቄው እና በመልሱ መካከል ያለው ቋንቋ ነው። «ድብርት» በዕለት ተዕለት ንግግር ሐዘንንም፣ መፍዘዝንም፣ መሰልቸትንም ያመለክታል። «ደበረኝ» የሚል ወጣት ስለ ረዥም ስብሰባ እያወራ ሊሆን ይችላል። «ድባቴ» በበኩሉ በባለሙያዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ ስያሜ ቢሆንም በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጡት እናት እንግዳ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ሆድ መባሱን፣ አንጀት ማረሩን፣ ልብ መሰበሩንና ሐሳብ መብዛቱን ነው። በአማርኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የምሥጢርና የሐዘንም ማደሪያ ነው። ስለዚህ «ሆዴን ያቃጥለኛል» የሚለው አቤቱታ የጨጓራ ሕመም፣ የናፍቆት ወይም የሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጊዜ የሌለው የጤና ባለሙያ ግን የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል፤ እናትየዋም በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ።

ከቃላቱ ባሻገር የመልስ አሰጣጥ ወግም አለ። «ተመስገን» ማለት ጤነኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ፈጣሪን አለማማረር፣ እንግዳንም በራስ ችግር አለማስጨነቅ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል ዝምታን እንደ ጨዋነት ያስተምራል። እርግጥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የዚሁ ኅብረተሰብ ነው። መረጃ ሰብሳቢው የሚያገኘው መልስ ተጠያቂው በዚያች ሰዓት ከሁለቱ አባባሎች በየትኛው እንደሚመራ ይወሰናል፤ ይህም ባብዛኛው የሚወሰነው ጠያቂው ማን እንደሆነና መልሱ ምን እንደሚያስገኝ ወይም ምን እንደሚያስከትል በሚገመተው ነው።

የምግብ ፍላጎትን የሚመለከተው ጥያቄም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የተሰበሰበ መልስ በሌላ ወቅት ከተሰበሰበው ጋር ያለ ማብራሪያ ሊነጻጸር አይገባም። ከሁሉ የሚከብደው ስለ ሞት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። «ምነው በወሰደኝ» የሚለው ቃል የተለመደ ምሬት ሊሆን ይችላል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ቁጥር ከማክበብ በፊት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱንም ታግሦ ማድመጥ ግድ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ኮርትማን እና ቴን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የራስ ሪፖርት መጠይቅ በኢትዮጵያ ፈትሸው ነበር። ትኩረታቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ነበር፤ ተጠያቂዎች ጥያቄውን እንዴት ተረዱት? የመለሱትስ በምን ፍላጎት ተነሣሥተው ነው? በኋላም የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ ሲፈተሽ በቡታጅራ ገጠር የታየው ውጤት ደካማ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የታየው ግን የተሻለ ነበር። በዚህ መለኪያ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ የኑሮ ጫና መብዛቱን በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲገልጽ ነገሮች በሰውየው ላይ እንደሚወጡበት አድርጎ ነው። ይህ ፈሊጥ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ የዛር መንፈስ በሰው ላይ መውጣትን ወደ ማስታወስ ያዘነብላል። የኑሮ ጫና ስለ መንፈስ የሚጠይቅ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

አርተር ክላይንማን እንዲህ ያለውን ስሕተት እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ ባህል ውስጥ የተቀረጸን የሕመም ምድብ ትርጉም መኖሩ ሳይረጋገጥ በሌላው ላይ መጫን ሲሉ ገልጸውታል። እኒሁ ምሁር ግን ወደ ተቃራኒው ጫፍ አልሄዱም። በቻይና ሁናን ግዛት «የነርቭ ድካም» የሚል ምርመራ የተሰጣቸውን 100 ታካሚዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት 87ቱ የከባድ ድባቴን መስፈርት እንደሚያሟሉ አሳይተዋል። ሰዎቹ የሚናገሩት ስለ ራስ ምታትና ስለ ድካም ነበር፤ ሕመሙ ግን ነበረ። ስለሆነም «ድባቴ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ በእኛ ዘንድ የለም» የሚለው አስተያየት ባህልን ማክበር ሊባል አይችልም፤ የታመመን ሰው ያለ እርዳታ መተው ነው።

መለያ ነጥቡን በሁሉም ቦታ ወደ 5 ማውረድም መፍትሔ አይሆንም። በአዲስ አበባው ጥናት 10 እንደ መለያ ሲያዝ የመሣሪያው ሕሙማንን የመለየት አቅም 86 በመቶ፣ ጤነኞችን የመለየት አቅሙ ደግሞ 67 በመቶ ነበር። ለስሌት ያህል ከ1,000 ተገልጋዮች 100ው ድባቴ አለባቸው እንበል። መሣሪያው ከእነዚህ 86ቱን ይለያል፤ 14ቱን ያልፋል። ድባቴ ከሌለባቸው 900 ሰዎች መካከል ግን 297ቱን በስሕተት «ሊኖርባቸው ይችላል» ይላል። በድምሩ ከተለዩት 383 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የታመሙት ከአራት አንድ እንኳ አይሞሉም። ይህን ውጤት «የድባቴ ስርጭት 38 በመቶ ነው» ብሎ መጻፍ ቅድመ ልየታን ከምርመራ ጋር ማምታታት ነው። መለያው ዝቅ ሲል በከንቱ የሚላኩት ይበዛሉ፤ ከፍ ሲል በዝምታ የሚታለፉት ይበዛሉ። ምርጫው ስታቲስቲካዊ ብቻ ሳይሆን ሥነ ምግባራዊም ነው።

ለማስተርስ ጥናት የተሰጠው ጊዜ አጭር፣ በጀቱም ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት «መጠይቁ በኢትዮጵያ ተገቢነቱ የተረጋገጠ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ነገር ግን ተገቢነት የወረቀቱ ቋሚ ጠባይ አይደለም፤ ወረቀቱ ከተወሰነ ሕዝብ፣ ቦታና ዓላማ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በአነስተኛ አቅምም ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ዋናው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ለሚሆኑ ሰዎች ጥያቄዎቹን አንብቦ ምን እንደተረዱ በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ መጠየቅ ይቻላል። የተመረጠው መለያ ነጥብ ከየትኛው ሕዝብ እንደተወሰደ በግልጽ መጻፍ፣ ከተቻለም ከተሳታፊዎቹ ለጥቂቶቹ በሠለጠነ ባለሙያ ክሊኒካዊ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይገባል። ለዘጠነኛው ጥያቄ አዎንታዊ መልስ የሚሰጥ ሰው ወዴት እንደሚላክ መረጃ ስብሰባው ሳይጀመር መታወቅ አለበት። መረጃ ሰብሳቢዎችም ቅጹ ከታጠፈ በኋላ የሚነገረውን እንዲመዘግቡ ሊሠለጥኑ፣ የመዘገቡትም ከትንተናው ሊካተት ይገባል።

በጤና ጣቢያው የተሞሉት ቅጾች ከሳምንት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። በእናትየዋ ረድፍ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዘጠኝ ቁጥሮች እና ድምሩ 7 ተመዘገቡ። መለያ ነጥቡ 10 ስለነበር በመጨረሻው ዓምድ 0 ተጻፈ። በእርሳስ የተጻፈው የኅዳግ ማስታወሻ የሚገባበት ዓምድ አልነበረም። ወጣቱ ግን ቅጹን ለይቶ አስቀመጠና ለጥናቱ አማካሪ አሳየ፤ አማካሪውም የጤና ጣቢያው ነርስ እናትየዋን በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ስለ ጨጓራቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ልጃቸውም እንድትጠይቃቸው መልእክት ላኩ።