የባትሪ ድንጋዩ ጥቁር ዱቄት

ልጆች ሳለን የሬድዮው ድምፅ ሲደክም የባትሪ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ቀጥቅጠን ጥቁሩን ዱቄት ለሰሌዳ ማጥቆሪያ ትምህርት ቤት እንወስዳለን። ይህን ያስታወሰኝ አዲስ አበባ፣ ቆሼ የቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዝጎ የፈነዳ የባትሪ ድንጋይ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከከሰል ዱቄት ጋር የተቀላቀለ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሠራው ባትሪ ጀምሮ ሥራው ያው ነው፦ ከዚንኩ የሚመጣውን ኤሌክትሮን መቀበል።

ዱቄቱን እርጥብ እንዳለ ደጋግመን አጠብነው፤ ከደረቀ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ማንጋኒዝ ደግሞ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል። ከፋርማሲ የገዛሁትን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳሁ። ዝም አለ። ቁንጥር ዱቄት ጣል ስናደርግበት እንደ ጠላ አረፋ ኩፍ አለ። አፉን ጥቂት ከድነን ቆየንና ጫፉ ፍም የሆነ ስንጥር አስገባሁ፤ ቦግ ብሎ ነደደ። ኦክስጅን ነው።

አረፋው ሲበርድ ዱቄቱን በጨርቅ አጥልለን ሌላ ፐርኦክሳይድ ጨመርንበት። አሁንም ኩፍ አለ። «ጋሼ፣ አያልቅም እንዴ?» አያልቅም። ሌላውን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አይጠፋም፤ ካታሊስት የሚባለው ይኸው ነው። «በረኪናስ ብንጨምርበት?» ሲለኝ ግን እጁን ያዝኩት። ብዙው የባትሪ ድንጋይ አሞኒየም ክሎራይድ አለበት፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ቆሼ ነው። ለ50 ዓመታት ገደማ የከተማችን የባትሪ ድንጋይ ከሙዝ ልጣጩና ከፌስታሉ ጋር የተደፋው እዚያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብረናል። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ክምር ሲናድ ሁሉም ያያል፤ ከሥሩ የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። አየር በማይደርስበት ጥልቀት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ጥቁሩን ዱቄት ይጠቀሙበታል። ያን ጊዜ ማንጋኒዙ ይሟሟል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ከቆሻሻ ክምር ከሚንጠፈጠፈው ውሃ ጋርም ይወጣል። አየር ሲያገኝ ተመልሶ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፤ ብቻውን ሲሆን እጅግ አዝጋሚ ነው። አንዴ ድንጋይ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ግን ቅርፊቱ ራሱ ቀጣዩን ያፋጥነዋል፤ ባክቴሪያዎችም ያግዙታል። ጥቁሩ ጥቁሩን ይጠራል።

በየሱቁ ደጃፍ ለባትሪ ድንጋይ ብቻ አንዲት ጣሳ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?

ልጁ የተረፈውን ዱቄት በማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶበት ክዳኑን አጥብቆ ዘጋው። ሰኞ ለሳይንስ መምህሩ ሊያሳይ ነው።