ፊደል እያስቆጠሩ መዋደድ

ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነሣ ቶሎ ወደ መቃብሩ ይሮጣል። ስለ ሞቱ፣ ስለ ምንኩስናው፣ አብሮ ስለ መቀበሩ ያወራል። እኔን የሚይዘኝ ግን መካከሉ ነው፤ በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምርበት ክፍል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ያ ሁሉ ሰው ሲያነብበው የኖረው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከውም ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን የሰጠው ለዚያ ክፍል ዝግታ ይመስለኛል።

የምኖረው መራዊ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ቡሬን ያለፈ መንገደኛ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይገባ ማንኩሳን ያገኛል። ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ስለዚህ በዛብህ ሚስት ማግባትን ሊያስብ አይገባውም። ሰብለ ደግሞ ያላገባችው ጠያቂ አጥታ አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘሩ አይመጥነንም እያሉ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ይመልሳሉ፤ ዕድሜዋም ይሄዳል።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሐዲስ አንድ መጽሐፍ ፊት ያስቀምጧቸዋል። በትውልድ እሷ የጌታ ልጅ ናት፣ እሱ የባላገር ልጅ። በትምህርቱ ግን እሱ መምህር ነው፣ እሷ ተማሪ። ጠያቂዋ እሷ፣ መላሹ እሱ። ውጭ ያለው ዓለም ያስቀመጠው የበላይና የበታች እዚያ ክፍል ውስጥ ይላላል፤ አንዱ ሌላውን የሚያዝበት ቦታ አይገኝም። የቀረው መጠባበቅ ነው። የተናገረችውን ማድመጥ፣ የተሳሳተችውን በትዕግሥት ማቅናት፣ ነገም ተመልሶ መምጣት። ፍቅሩ የሚያድገው በዚህ ነው። ማናቸውም ሌላውን አይወስዱም።

አክስቴ ይህን ታሪክ የሰማችው በሬዲዮ ነው፤ ማንበብ አትችልም። የተዳረችው በልጅነቷ ነው፣ ባሏንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሠርጓ ዕለት። ከታሪኩ የቱን ትወጃለሽ ብዬ ስጠይቃት ሳታመነታ «ሲያስተምራት» አለችኝ። «ምነው?» ብላት «ቀስ ብሎ ነዋ፤ እሷም እስክትወደው ጠበቃት» አለችኝ። ስለ ልብወለድ ከሰማኋቸው ትንታኔዎች ሁሉ እሱን አልፎ የሄደ አላገኘሁም።

የአክስቴን መልስ ለመረዳት የአገራችንን ጋብቻ ማሰብ ያስፈልጋል። በጎጃም ገጠር ልጅ የሚዳረው በወላጆች ስምምነት ነበር፤ ዘር ተቆጥሮ፣ ጥሎሽ ተነጋግሮ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ይል ነበር፤ ገጠር ውስጥ ያንንም የሚጠብቅ አልነበረም። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላም ከክፍል እየቀሩ የተዳሩ ልጆችን የምናውቅ ብዙ ነን። እንዲህ ባለ ቦታ ትውውቅ የሚመጣው ከሠርግ በኋላ ነው፤ ከመጣ። መተዋወቅ ቀድሞ፣ መውደድ ተከትሎ፣ መንካት በመጨረሻ የሚመጣበት ታሪክ ለአክስቴ የተነፈገችውን ነገር የሚያሳይ ነው። መጽሐፉን «አዝጋሚ» የሚሉት ሰዎች ይህን አያዩም።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በስልኬ የማነበው የጃፓን ማንጋ ነው፤ በሥዕል የሚተረክ ልብወለድ። ከዘርፎቹ አንዱ በሁለት ወንዶች መካከል የሚበቅል ፍቅርን ይተርካል። ስለ እንዲህ ያለ ፍቅር ማንበብ ብቻ እንኳ በእኛ ዘንድ ብዙዎችን እንደሚያስቆጣ፣ ሕጋችንም ግንኙነቱን እንደሚቀጣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ዘርፉን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካቆሙት መካከል ሞቶ ሃጊዮና ኬይኮ ታኬሚያ የሚባሉ ሴት ሠዓሊዎች አሉ፤ ከአንባቢዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሁሉም የረጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉልበትና ማስገደድ የሞላበትም አለ፣ እሱን ዘግቼ አልፋለሁ።

የምወደው የአሱሚኮ ናካሙራን «ዶኪዩሴይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አኒሜሽን ፊልምም ወጥቶለታል። ሳጆ የሚባለው ልጅ በትምህርቱ አንደኛ ነው፤ ዓይኑ ግን ደክሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የመዝሙር ኖታ በደንብ አያይም። ለመዝሙር ውድድሩ ብቻውን ክፍል ውስጥ ቀርቶ ሲለማመድ ጊታር ተጫዋቹ ኩሳካቤ ይደርስበትና ላስተምርህ ይለዋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በናትሱኪ ኪዙ «ጊቭን» ላይ ደግሞ ማፉዩ ክሩ የተበጠሰ ጊታር ታቅፎ ይዞራል። ኡዌኖያማ ክሩን ይቀይርለታል፤ ከዚያ ማፉዩ አስተምረኝ ብሎ ይለምነዋል። የጊታሩ ባለቤት የነበረው፣ ማፉዩ የሚወደው ልጅ ሞቷል። ይህን የምናውቀው ቆይተን ነው፤ ኡዌኖያማም የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ኀዘኑን ጎትቶ ሊያወጣው አይሞክርም። ጊታሩን እያስተማረው ይቆያል።

ሁለቱንም ሳነብ በዛብህና ሰብለ ፊቴ መጡ። ማንኩሳ የተወለደ የቆሎ ተማሪና የጃፓን ጊታረኛ የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም፤ ግን የፍቅራቸው አሠራር አንድ ነው። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ያካፍላል፤ በማካፈሉ ሰበብ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ያያል። ያየውን ደግሞ ቶሎ አይናገርም። ሴቶች እነዚህን የሁለት ወንዶች ታሪኮች ለምን እንደሚወዱ ብዙ ይባላል። እኔ በራሴ ስመዝነው፣ ማን ጠያቂ ማን ተጠያቂ እንደሚሆን አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ስለሌለ ነው። ባል ይህን ያደርጋል፣ ሚስት ያን ትችላለች የሚል ሥርዓት አይጠብቃቸውም። ስለዚህ እያንዳንዷን እርምጃ መጠየቅ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ልንካህ፣ ልምጣ፣ ነገስ እንገናኝ። እንደዚያ ተጠይቆ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልዩነቱ ፍጻሜው ላይ ነው፣ እሱም ያመኛል። በጃፓኖቹ ታሪክ ልጆቹ ጊዜ አላቸው፤ ክረምቱ አልፎ በጋው ይመጣል፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ይቀጥላል፣ ትምህርት ጨርሰው ያድጋሉ። በዛብህና ሰብለ ግን ጊዜው የእነሱ አይደለም። ጊዜው የስለቱ ነው፣ የፊታውራሪ መሸሻ ነው፣ የዘር ቆጠራው ነው። ሐዲስ ይህን ያደረጉት ሥርዓቱን ሊከስሱ ነው፤ በገጸ ባሕርያቸው በጉዱ ካሣ አፍ በግልጽ ተናግረውታል። ክሱ ትክክል ነው። ግን ከእሳቸው በኋላ የመጣው ብዙው የፍቅር ታሪካችን ሞቱን ወረሰና ትምህርቱን ተወው። በየድራማው በሁለተኛው ክፍል ይዋደዳሉ፣ በሦስተኛው ይከዳዳሉ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ተቀምጦ ማስተማር፣ ተቀምጦ መማር የለም።

እኔ ማንበብ የምፈልገው በእኛ አማርኛ፣ በእኛ አገር የተጻፈ ረጅም ታሪክ ነው። ቡሬ ውስጥ ይሁን፤ አንዷ የማታ ትምህርት የጀመረች ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ሒሳብ የሚያስጠናት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ። መቶ ገጽ ሙሉ ክፍልፋይ ያስጠናት። እጇን ሳይነካ ፈተናዋን ትለፍ። ማናቸውም አይሙቱ። የሚጽፍ ካለ፣ የጻፈም ካለ፣ እዚህ ሥር ይንገረኝ፤ አግኝቼ አነበዋለሁ፣ ለአክስቴም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።