አባቴን ከማሽኑ ላይ ያስወረደችው ባለሙያ

አባቴ 71 ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት። ባለፈው ክረምት ሆዱን እያመመው ሲሰነብት አንድ የምርመራ ማዕከል ወስጄው ሲቲ ስካን ተነሳ። ውጤቱን ከነሲዲው ሰጡን። በስድስተኛው ቀን ሪፈር ወደተጻፈልን ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ ሲዲውን ከፖስታው እንኳ ሳያወጣ «የውጭ አንቀበልም፣ እዚሁ ይነሳ» ብሎ ማዘዣ ጻፈልን። ሌላ 7 ሺህ ብር ማለት ነው። የተናደድኩት በብሩ ነበር፤ ሌላው ነገር ትዝም አላለኝ። ጋዜጠኛ ነኝ፣ እንጀራዬ ሰው መጠየቅ ነው። እዚያ ግን አንዲት ጥያቄ ሳላነሳ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ይዤ ተሰለፍኩ።

አባቴ ጋቢውን አውልቆ ማሽኑ ላይ ተጋድሟል፤ መርፌው ክንዱ ላይ ተሰክቷል። ምርመራውን የምትሠራው ወጣት (እኛ «ዶክተር» እንላታለን፣ እሷ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነች) ኮንትራስቱን ልትሰጠው ስትል ቆም አለች።

«አባባ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር አለብዎት?»

«ስኳር አለኝ ልጄ። ኪኒን እውጣለሁ።»

የኩላሊት ምርመራ ውጤት ጠየቀችኝ። ከፌስታሌ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ክሬቲኒን 2.4። ከማዘዣው ጋር ተያይዞ የሰነበተ ወረቀት ነው፤ ማንም አላየውም። «ሐኪሙን ሳላናግር አልሰጥም» አለች።

ኮንትራስት የሚባለው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ የደም ስርና የሆድ ዕቃ በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ይረዳል። ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ አስቀድሞ ለደከመ ሰው ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታካሚ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልገው ይችላል። አንዳንዴ ሐኪሙ ጥቅሙን ከጉዳቱ መዝኖ «ይሰጥ» ሊል ይችላል፤ ለዚህ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን ማየት አለበት።

ስልክ ደወለች። ከወዲያ ያለው ድምፅ ሲጮህ እኔም ሰማሁት። ስልኩን ዘግታ ሲዲውን ከእጄ ተቀበለችና ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የራዲዮሎጂ ሐኪሙን ጠራችው፤ አየና «ይሄ ይበቃል፣ ለምን ይደገማል?» አለ።

ስለ ጨረሩ ያነበብኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ብዙውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ የደረት ኤክስሬይ 0.1 ቢሆን ነው። በአባቴ ዕድሜ ላለ ሰው ከጨረሩ ይልቅ የሚያሰጋው ኩላሊቱ ነበር፤ ለሕፃን ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው ሰልፍ ላይ አንዲት እናት የእርሳስ ሽርጥ ሳይሰጧት «ልጁን አንቺው ያዢው» ተብላ ኤክስሬይ ክፍል ስትገባ አይቻለሁ።

ይሄ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴዳርስ ሳይናይ በሚባለው ስመ ጥር ሆስፒታል ከ200 በላይ ታካሚዎች ለጭንቅላት ምርመራ ሊያገኙ ከሚገባው ስምንት እጥፍ ገደማ ጨረር ተቀብለዋል። ስህተቱ 18 ወር ቆይቶ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታወቀው አንድ ታካሚ ጸጉሬ ረገፈ ብሎ በመናገሩ ነው።

ምስሉ ጥራት ካጣ ወይም በሽታው ከተለወጠ መድገም ግድ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ምርመራም እምቢ በሉ እያልኩ አይደለም። ሳይከፍቱ «የውጭ አንቀበልም» ማለት ግን ሕክምና አይደለም። ከጀርባው ገቢ ይኑር ልማድ፣ ማረጋገጫ የለኝም። የምጠረጥረውን ግን እጠረጥራለሁ።

በማግስቱ ላመሰግናት ሄድኩ። «ሥራ ታጓትቻለሽ» ተብላ መገሠጿን ነገረችኝ፤ ብዙም የከፋት አትመስልም ነበር።

7 ሺህ ብራችን እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቅጹ ላይ «ምርመራው ያልተካሄደበት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ገንዘብ ያዧ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ታካሚው ፈቃደኛ ባለመሆኑ» ብላ ሞላችው።