አንድ ማዕድ፣ ሁለት ሕሊና

ለመሆኑ በትዳራችሁ ውስጥ ምግብ አጣልቷችሁ ያውቃል? እኔንና ባለቤቴን በብራዚል፣ በሳልቫዶር ከተማ ሊያጣላን ነበር።

ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በ1549 የተቆረቆረችና እስከ 1763 የአገሪቱ ዋና ከተማ የነበረች ናት። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች የሞሉባት ስለሆነች ምግቧም የአፍሪካን ጣዕም ይዟል።

ቅዳሜ ቀን አንድ አገልጋይ ቤተሰብ ፌይጆአዳ ጋበዘን። ጥቁር ቦሎቄ ከተለያየ የአሳማ ሥጋ ጋር ለሰዓታት የሚበስልበት ወጥ ነው። ከጎኑ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ ፋሮፋ የሚባል የተቆላ የካሳቫ ዱቄትና የብርቱካን ቁራጭ ይቀርባል። ጎመኑን ስቀምስ የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። የአሳማውን ሥጋ ግን እጄ አልነካ አለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ጉሮሮዬ ግን አልተማረም። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ጋባዦቻችን ሳያዩ፣ ቁራጮቹን ወደ ራሱ ሳህን አዛወረልኝ።

በመጠጡ በኩል አልተቸገርንም። ከሸንኮራ አገዳ ካሻሳ የሚባል ጠንካራ አረቄ ይወጣል፤ ከዚያው አገዳ ደግሞ በመንገድ ዳር ተጨምቆ በበረዶ የሚጠጣ ጣፋጭ ጭማቂ አለ። እኛ ጭማቂውን መረጥን። ቡናውም በትንሽ ሲኒ ነው፤ እንግዳ ሳይጠጣ አይሸኝም። ይህንንማ እናውቀዋለን!

በማግስቱ አካራዤ የምትሸጥ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዘንድ ቆምን። አካራዤ ዓይነ ጥቁር ከሆነ የአተር ዓይነት ይሠራል፤ ተልጦ፣ ከሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ በቀይ የፓልም ዘይት ይጠበሳል፤ ከዚያም ተሰንጥቆ ሽሪምፕ ይሞላበታል። ሴትየዋ «ትኩስ ወይስ ቀዝቃዛ?» ብላ ትጠይቃለች፤ በርበሬ ይግባበት ወይስ አይግባ ማለቷ ነው። «ትኩስ!» አልኩ በደስታ።

አብሮን የነበረው ወጣት ይህ ምግብ ካንዶምብሌ በሚባለው እምነት ለመናፍስት እንደሚቀርብ ነገረን። ባለቤቴ እጁን ሰበሰበ።

«ጣዖት ከንቱ ነው፤ ይህች ሴት ልጆቿን ልታሳድግበት ነው የምትጠብሰው» አልኩት።

«ልክ ነሽ። እኔ ግን አልችልም» አለኝ።

ልክ ነሽ መባሌ ደስ አላሰኘኝም። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ቢያምንም እውቀት እንደሚያስታብይ፣ ፍቅር ግን እንደሚያንጽ ያሳስባል። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ይዤ ሁለተኛውን ረስቼ ነበር። ትናንት እርሱ ስለ ድካሜ አልሰበከኝም፤ ሸክሜን በሳህኑ ተቀበለልኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። ገንዘቡን ከፍዬ፣ ሴትየዋን አመስግኜ አካራዤውን ለወጣቱ ሰጠሁት።

ወጣቱም ሣቅ ብሎ ወደ አንዲት ወንጌላዊት ክርስቲያን ሻጭ ወሰደን። እንደ እርሷ ያሉት ይህንኑ ምግብ «የኢየሱስ ኬክ» ብለው ይሸጡታል። አሠራሩ ያው፣ ዘይቱም ያው ነው። ባለቤቴ ጸልዮ በላ፤ እኔም አብሬው በላሁ። በርበሬው ዓይናችንን አስለቀሰን!

ዛሬም የመጀመሪያውን ብበላ ኃጢአት ነበር ብዬ አላምንም። እናንት ባለትዳሮች ሆይ፣ በቤታችሁ ልክ ሆናችሁ ሳለ የትዳር ጓደኛችሁን የምታሳዝኑበት ነገር ይኖር ይሆን? ዛሬ ማታ ማዕድ ስትቀርቡ ተነጋገሩበት። ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ።