ዳንቴል የለበሰው ራውተር

በእኛ ቤት የእሁድ ቡና ሰዓት አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ረከቦቱን ታቀርባለች፣ የልጅ ልጃችን ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር ታስደግፋለች፣ ቤይሩት የምትሠራው ልጃችን ደግሞ በቪዲዮ ትደውላለች። አቦሉ የሚቀዳው እሷ እያየች ነው። የልጅ ልጃችን እናቷን በአካል ካየቻት አራት ዓመት አልፏል። ስለዚህ ያቺ አንድ ሰዓት ለእኛ የወሬ ሰዓት ብቻ አይደለችም። እናት ልጇን «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ? ፈተናው እንዴት ነበር?» የምትልባት ሰዓት ናት።

ራውተሩን ያስገዛችን እሷው ናት። አምቦ ያለው ግቢያችን የሽቦ መስመር ስላልገባለት፣ ሲም ካርድ የሚገባበትን ዓይነት ገዛን። ከታወር የሞባይል ኔትወርክ ይቀበልና ለቤቱ በዋይፋይ ያከፋፍላል። ባለቤቴ ዕቃውን በክብር ተቀበለችው። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹና ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ አጠገብ አስቀመጠችው። አቧራ እንዳይነካውም በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው።

ጥቂት ወራት ደህና ሠራ። ከዚያ ችግር ጀመረ። ልጃችን ስታወራ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ይደርቃል፤ «ሰማችሁኝ?» ትላለች፣ «ሰማን» እንላለን፣ እሷ ግን አትሰማም። የወሩ የኢንተርኔት ጥቅልም ወሩ ሳይጋመስ ማለቅ አመጣ። አንድ እሁድ ጥሪው ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ምስሉ እንደደረቀ ወደ ልጅቷ ዞርኩና፣ «ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ እየዋልሽ እናትሽን ያጠፋሻት አንቺ ነሽ!» አልኳት።

ዕድሜዋ 13 ነው። አልመለሰችልኝም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው እሁድም ቡናው ላይ አልተቀመጠችም።

እኔ ጊንጪ፣ ጉደርና አምቦ ላይ 31 ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሞገድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላውቅም። «ሳትለኩ አትደምድሙ» የሚለውም የእኔ አባባል ነበር። በገዛ ቤቴ ግን ሳልለካ ደመደምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ራውተሩን በፌስታል ይዤ ስልክ ጥገና ወደከፈተ የቀድሞ ተማሪዬ ሄድኩ። ዛሬም «በርሲሳ» ነው የሚለኝ። ፌስታሉን አይቶ ሳቀ። «በርሲሳ፣ እዚህ ድረስ ለምን ተሸክመውት መጡ? በሽተኛው ቤቱ ይሆናል እንጂ ዕቃው ላይሆን ይችላል። ማታ እኔ እመጣለሁ» አለኝ።

ማታ መጥቶ ሻይ ሳይጠጣ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «የተበላሸው የትኛው መንገድ ነው? ከታወሩ እስከ ራውተሩ ያለው ነው ወይስ ከራውተሩ እስከ ስልኩ?»

«ሁለት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ውሃ ነው ብለው ያስቡት። የከተማው ውሃ ግቢዎ ድረስ ካልደረሰ የጓዳውን ቧንቧ ቢፈቱት ምን ይገኛል? ስልኩ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት የጓዳውን ቧንቧ ነው የሚያሳይዎት። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። እኛ ያንን ምልክት እያየን «ዋይፋዩ እኮ ሙሉ ነው! ልጅቷ ጨርሳው ነው እንጂ» ስንል ነበር የከረምነው።

ከዚያ በተራ ሄደ። መጀመሪያ «ጎረቤት አላቸው?» ብሎ ጠየቀ። ችግሩ የአካባቢው ሁሉ ከሆነ የቤት ዕቃ መነካካት ድካም ብቻ ነው። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የታወሩም ባትሪ ሊደክም ይችላል። ይህን ሲለኝ 2012 ዓ.ም ትዝ አለኝ። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 አዲስ አበባ ውስጥ ከተገደለ በኋላ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ በየቤቱ ስልኩን እያጠፋ የሚያበራ፣ ሲሙን በጨርቅ የሚጠርግ ስንት ሰው ነበር! ያ ችግር በማንም ሳሎን ውስጥ የሚጠገን አልነበረም። በዚህ ምሽት ግን የጎረቤታችን ስልክ በሞባይል ዳታ እየሠራ ነበር። ስለዚህ ችግሩ የእኛ ነው።

ቀጥሎ ስልኩን ራውተሩ አጠገብ አስጠግቶ ሞከረው። ያው ነው፣ ይንቀራፈፋል። ራውተሩ ሥር ሆኖም ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ ሳይሆን ከታወር የሚመጣው መንገድ ነው። አጠገቡ ፈጥኖ መኝታ ቤት ውስጥ ቢንቀራፈፍ ኖሮ ግን ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ግድግዳው ነው። ዋይፋዩ በሁለት ሞገድ የሚሠራ ከሆነ፣ ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው ግን ሩቅ አይሄድም።

ከዚያ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ ስልኩ ላይ ጻፈ። በአንዳንዱ ራውተር 192.168.8.1 ነው፣ በሌላው 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1። የራውተሩ የራሱ ገጽ ተከፈተ። የሲግናል ጥንካሬ በሚለው ቦታ ላይ ‑112 ይላል።

«ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል» አለኝ። «‑80 አካባቢ በጣም ጥሩ፣ ‑100 መካከለኛ፣ ከ‑110 ካለፈ ደካማ ነው። አሁን ዳንቴሉን እናውልቅለት።»

ባለቤቴ እየከፋት አወለቀችው። ዳንቴሉ እንኳን ሲግናል አይከለክልም፣ ሙቀቱን ግን ያፍነዋል። ሲግናሉን የያዘው ሌላ ነው። ቡፌው በስተኋላው መስታወት አለው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ የብረት ሳንቃ። በዚያ ላይ ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ያንፀባርቃል። ይህን ፈተና ላይ ስንት ጊዜ አውጥቼዋለሁ!

ራውተሩን ይዘን ከመስኮት ወደ መስኮት ዞርን። በየቦታው ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጠበቅን ቁጥሩን አነበብን። ታወሩ ባለበት አቅጣጫ ባለው መስኮት ‑94 ሆነ። ልዩነቱ 18 ነው። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ 10 አሥር እጥፍ ማለት ስለሆነ፣ ከቡፌው ወደ መስኮቱ በመዛወሩ ብቻ የሚደርሰው ኃይል ከ60 እጥፍ በላይ አደገ። ምስል የሚያደርቅብን የልጅቷ ስልክ ሳይሆን የእኛ ቡፌ ነበር።

«ጥቅሉስ?» አልኩት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ የምከላከልበት ነገር እንዲቀረኝ ፈልጌ ነው። ገጹ ላይ የመልእክት ሳጥን ከፈተ። ለካ የቴሌኮም መልእክቶች የሚመጡት ራውተሩ ውስጥ ላለው ሲም ነው። ማንም ያላነበባቸው ደርዘን መልእክቶች ተደርድረዋል፦ ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው፣ ጥቅልዎ አልቋል። «አሁን ስልኮቻችሁን ስጡኝ» አለ። ብዙ ስልክ በዋይፋይ የተጠቀመውን መጠን ከየመተግበሪያው ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ማየት ነው።

የልጅቷ ትንሽ ነው። የባለቤቴ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። የእኔ ሲከፈት ዩቲዩብ ከላይ ተቀምጧል፣ ፌስቡክ ይከተለዋል። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ዜናና የድሮ ዘፈን እከፍታለሁ፣ እኔ እተኛለሁ፣ ቪዲዮው በራሱ እየቀጠለ ያድራል። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ተማሪዬ አንገቱን ደፍቶ «በርሲሳ፣ ይኸው» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።

እሱን ከሸኘን በኋላ ልጅቷን ጠራኋት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «አባባ፣ ያን ቀን እንደዚያ ስትለኝ እማዬ ሰምታ ይሆን?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቡናው የራቀችው ለዚህ ነው። ምስሉ ይድረቅ እንጂ ድምፁ ቤይሩት ደርሶ፣ እናቷ «ልጄ ናት የምታጠፋኝ» ብላ አምና ይሆናል ብላ ፈርታ።

የዚያን እሁድ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠን፣ ልጃችን እንደ ደወለች ከሰላምታው ቀድሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡፌውን፣ መልእክቶቹን፣ የእኔን ዩቲዩብ። ሳቀች። ያን ቀን የተባለውን አልሰማችም ነበር። ልጅቷ ግን እናቷ ስትስቅ እያየች ዓይኗን ጠረገች።

እንደ እኔ ልጅና የልጅ ልጅ ቤት ላላችሁ፣ ያገኘሁትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። ቀጥሎ የራውተሩን መብራቶች እዩ፤ በብዙዎቹ ላይ የሲግናሉ መብራት ቀይ ከሆነ ኔትወርክ የለም ማለት ነው። ስልኩን ራውተሩ አጠገብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጥቅሉን አረጋግጡ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ አውጥቶ ስልክ ላይ በማስገባት በ*804# ቀሪውን ማየት ይቻላል፣ ለጥያቄም 994 አለ። ሲሙን ከማውጣታችሁ በፊት ራውተሩን አጥፉ። ካልሆነ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። በመርፌ የሚጫነውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትንኩ፤ እሱ የይለፍ ቃሉን ጨምሮ የተስተካከለውን ሁሉ ይሰርዛል። ራውተሩን ከብረት፣ ከመስታወትና ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጡት፣ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ልጅን መጠርጠር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለዚያውም የራስን ስልክ ከፍቶ ካዩ በኋላ።

ዳንቴሉን ብትጠይቁኝ አልተጣለም። ባለቤቴ አጥባ፣ ተኩሳ ከራውተሩ ሥር አነጠፈችው። እኔም ስልኬ ላይ ቪዲዮው በራሱ እንዳይቀጥል ማድረግ ተምሬያለሁ። ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት።