የመናኞቹ ሥዕልና የጸሐፊዎቹ ስም

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ አንድ የቆየ የእጅ ጽሑፍ ሳገላብጥ ነበር። «ተሽሪህ አል-አቅዋም» ይባላል።

ጄምስ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1825 በፋርስኛ ያዘጋጀው ነው። አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ ከሕንድ የራጅፑት ወገን ነበረች። የሰሜን ሕንድን ሕዝብ በየወገኑና በየሙያው ሲገልጽ የሂንዱ መናኞችንም በሥዕል አስገብቷል።

ሥዕሎቹ ላይ ብዙ ቆየሁ። አመድ የተቀባ ገላ፣ የተገመደ ጸጉር… ደግሞ ፊታቸው! ሠዓሊው ሰው እያየ የሣለ ይመስላል።

ለምን በፋርስኛ? እስከ እ.ኤ.አ. 1837 ድረስ በሕንድ በእንግሊዞች ግዛትም የፍርድ ቤትና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ፋርስኛ ነበር፤ የተማሩ ሂንዱዎችም ይጽፉበት ነበር።

የቤናረስ ራጃ ጸሐፊ የነበረው ሲታል ሲንግ ስለ መናኞቹ ማኅበራት የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። እንግሊዛዊው ሆረስ ዊልሰን ስለ ሂንዱ ሃይማኖታዊ ወገኖች በጻፈው ታዋቂ ጥናት የሲታል ሲንግንና የሌላውን ሂንዱ ጸሐፊ የማቱራ ናትን የፋርስኛ ሥራዎች ተጠቅሟል። ስማቸውንም ጠቅሷል፤ ይህን አልክድም።

ግን ዛሬ የሚታወሰው ዊልሰን ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የማን ስም ይቅደም?