ዋንጫና ስም

ዕቃ መሰብሰብ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስነቅፈው ሰብሳቢው በዕቃው ውስጥ የሚፈልገው ነገር ነው። አንዱ ዋጋውን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የጎረቤቱን ቅናት ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ግን ባለቤቱ የነበረውን ሰው ይፈልጋል። እኔ ከሦስተኞቹ ወገን ለመሆን እጥራለሁ።

የምሰበስበው የቀንድ ዋንጫ ነው። ሰፈሬ ቄራ በከብት ማረጃው ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፥ ይህ ብዙ አያስደንቅም። ቀንድ ከጥፍራችን ጋራ ባሕርዩ አንድ ነው፤ ሙቀት ያለዝበዋል፤ ሲቀዘቅዝም የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ሠራተኛው ውስጡን አጥንት አውጥቶ፥ ላዩን ፍቆና አለስልሶ፥ ታቹን ይደፍነዋል። ብርጭቆ እንደ ዛሬው ሳይበዛ አባቶቻችን ጠጁንም ጠላውንም በዚህ ይጠጡ ነበር።

በጀርመን አገር ደግሞ የዚህ ዘመድ የሚሆን ዕቃ አለ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1890ዎቹ ጀምሮ እስከ 1914 ድረስ፥ ወጣቱ ወታደር ግዳጁን ሲፈጽም፥ እግረኛው ከ2 ዓመት፥ ፈረሰኛው ከ3 ዓመት በኋላ፥ ግማሽ ሊትር ያህል የሚይዝ ባለ ክዳን የቢራ ኩባያ ለመታሰቢያ ያሠራ ነበር። ሬዘርቪስተንክሩግ ይሉታል። ስሙ፥ ክፍለ ጦሩና ያገለገለበት ዘመን ይጻፍበታል፤ በብዙዎቹም ላይ የጓደኞቹ ስም በእጀታው ግራና ቀኝ ይዘረዘራል። ከፖርሴሊን የተሠራውን ጠጥተው ጨርሰው ወደ ብርሃን ቢያነሡት፥ በታቹ ሥዕል ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ወታደሩ ከወዳጁ ጋራ ሲሰነባበት ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ እነዚያ አገልግሎታችንን ጨረስን ያሉት ሰዎች እንደ ገና ተጠሩ፤ ብዙዎችም አልተመለሱም። ኩባያው ግን ስማቸውን እንደ ያዘ ቀረ። ዛሬ ዋጋው ስለ ተወደደ አስመስለው የሚሠሩም ተነሥተዋል።

የእኛ ዋንጫ ጽሕፈት የለበትም። የባለቤቱ ስም የሚኖረው በቤተ ሰቡ አፍ ብቻ ነው፤ ዋንጫው ከቤት ሲወጣ ስሙም አብሮ ይወጣል።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤቴ የባላቸውን አባት ዋንጫ ሊሸጡልኝ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። «እማማ፥ ይህስ ከቤት ባይወጣ ይሻል ነበር» አልኋቸው። «ልጄ፥ ልጁ ደብተር አጥቶ ዋንጫው ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ዋንጫ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «የኳስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፥ ሽልማቱ የተጠራው በዚሁ በመጠጫው ስም ነበር።

ገንዘቡን ከፈልሁ። ከዚያም አያቱ እየነገሩት፥ ልጁ የቅድመ አያቱን ስምና የትውልድ አገሩን በሁለት ወረቀት ጻፈ። አንዱን በዋንጫው ውስጥ አኖርሁት፤ ሁለተኛውን እርሱ ወሰደ። በገዛሁበት ዋጋ መልሰው ሊወስዱት እንደሚችሉም ነገርኋቸው። ልጁ እስከዚያ ቀን የቅድመ አያቱን ስም አያውቅም ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ድኻ ዕቃውን ቢሸጥ አትፍረድበት፤ ችግር ከመታሰቢያ ይቀድማልና። ስምን መጻፍ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በቤትህ ያለውን አሮጌ ዕቃ «የማን ነበር?» ብለህ የሚያውቁት ሳሉ ጠይቅ፤ የሰማኸውንም ጻፍ። ዕቃው ነገ በሌላ እጅ ቢገባ እንኳ፥ የአባትህ ስም ከአንተ ዘንድ ይቀራል።